ሞቅ ያለ ዘይት በግንባር ላይ፦ የምንሰጠውና የማንሸጠው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ አዳራሹ የሴቶች ብቻ ስለሆነ ሻሻችሁን መፍታት የምትፈልጉ ፍቱ። ወሬያችንም ስለ ራስ ነው።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። ባለፈው ስብሰባ ከደጋፊዎቻችን አንዷ አዲስ አበባ በአንድ ስፓ ያየችውን አጫወተችን። ሴትዮዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ከግንባሯ በላይ አንድ ዕቃ ተሰቅሏል፤ ከዕቃው ሞቅ ያለ ዘይት እንደ ክር ቀጥኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ግንባሯ ላይ ይፈሳል። የህንድ ጥበብ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። «ይህንን እኮ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ለሴቶቹ ገቢ ይሆናል» አለችን። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንዲት እናታችን፣ «ይቺማ የእኛው ቅቤ አይደለችም እንዴ? ስሟን ቀይራ መጣች እንጂ!» አሉ። ሳቅ ሆነ። የሁለቱም ንግግር ግማሽ ግማሹ እውነት ስለነበረ፣ ቀሪውን አጣርተን እንድናቀርብ ሥራው ለእኛ ተሰጠ። ያጣራነው ይኸው ነው።

ከስሙ እንጀምር። ህንዶቹ «ሺሮዳራ» ይሉታል። መጀመሪያ ስንሰማው የምሳ ወሬ መስሎን ነበር። በሳንስክሪት ግን «ሺሮ» ማለት ራስ ነው፤ «ዳራ» ደግሞ የሚፈስ ነገር። አዩርቬዳ በሚባለው የህንድ ጥንታዊ ሕክምና ራስን በዘይት ማከም አራት መንገድ አለው። በእጅ ማሸት አለ፤ ማፍሰስ አለ፤ ዘይት የጠጣ ጥጥ ራስ ላይ ማስቀመጥ አለ፤ በራስ ዙሪያ ረጅም ቆብ የመሰለ ነገር አስሮ ዘይቱን በውስጡ ማቆየትም አለ። ቫግባታ የተባለው የጥንት ሊቅ አራቱንም በመጽሐፉ አስፍሯቸዋል። ጥበቡ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ ነው። ኬራላ ለእኛ አገር ሰው ባዳ አይደለችም፤ በአጤ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ። ትልልቆቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። የሚፈሰው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የሰሊጥ ነው። ሙቀት የበዛበትን ሰው ግን በአሬራ የሚያክሙበት ጊዜ አለ። አዎን፣ በአሬራ! ይህንን ስናገኝ የኋላ ወንበሯ እናታችን ትዝ አሉን።

ምክንያቱም በይፋት ቆላ ራስ ላይ ቅባት ማድረግ ከውጭ ሰው የተማርነው ነገር አይደለም። ሕፃን ሲወለድ እርግብግቢቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል። ሙሽራ ትቀባለች፤ አራስ ትቀባለች። ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ ገበሬ፣ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ አናታቸው ላይ ቅቤ ጣል ይደረግላቸዋል። በአፋር ጎረቤቶቻችን ዘንድማ ወንዱም ሳይቀር ጸጉሩን በቅቤ ያሳምራል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት በሰንበቴ ገበያ ቅቤ የምትጠይቅ ሴት «ለወጥ ነው ለጸጉር?» ብትባል አይገርማትም። ምች ሲመታን ዳማከሴ በእጃችን አሽተን ጭማቂውን ግንባራችን ላይ እንቀባለን፤ ሽታውንም እንስባለን። ራሳችንን ሲፈልጠን በሻሽ ጥብቅ አድርገን እናስራለን። ሐዘን የገባባት ሴት ጸጉሯን አታበጥርም፤ አትቀባም። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ራሷን አጥበው ሲቀቧት ግን ሐዘኑ ወጣ፣ ወደ ሰው ተመለሰች ይባላል።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር እንጨምር። ቅቤ የሚቀልጠው በ32 እና በ35 ዲግሪ መካከል ነው። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ቅቤ በእጅ ካላሹት አይለዝብም። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ እሳትም አያሻው፤ አናት ላይ የተደረገ ቅቤ ከቀትር በኋላ በራሱ ጊዜ ወደ ግንባር ይወርዳል። እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ሺሮዳራ ትሠራለች ማለት ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ሴት ቅቤዋን ተቀብታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትለቅማለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ ቅቤው በጆሮዋ ሥር እየወረደ ሕፃን ታጠባለች። በሺሮዳራ ጊዜ ግን ትተኛለች። ዓይኗ ይሸፈናል። ማንም አይጠራትም። አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከራስጌዋ ቆማ እሷን ብቻ ታያለች። እስቲ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ከአራስነቷ ቀን ወዲህ ማን እንዲህ ተደርጎላታል? ጃፓን ውስጥ በጥቂት ጤነኛ ሴቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት በግንባር ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት ጭንቀታቸውን እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አንመዝዝበትም። የእኛ ግምት፣ ግምት ነው እንግዲህ፣ ከዘይቱ ይልቅ ዕረፍቱ ይበልጥ ይሠራል የሚል ነው።

ስለዚህ ለደጋፊያችን ጥያቄ መልሳችን «አዎን፣ እንሠራዋለን» ነው። አሁን ግን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ፤ ዛሬ ይህንን ያህል ጊዜ የጠየቅነው ስለ እሱ ነውና።

አዲስ አበባ ስፓ የምትሄድ ሴት ራሷን ሲያማት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ በዝቶባት፣ መኪና ውስጥ ውላ፣ ስልክ ላይ አፍጥጣ ነው። የይፋት ቆላ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው። እዚህ ራሱን ያመመውና ያተኮሰው ሰው ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ከዚያም በሚያዝያና በግንቦት ወባ ቤት ለቤት ትዞራለች። አመጣጧ ደግሞ ከምች ጋር ይመሳሰላል፤ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አእምሮን እስከ መንካት ይደርሳል። የጤና ባለሙያዎች ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ የሚሉን ለዚህ ነው። ምርመራው ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱ ቡና ተፈልቶ አቦል ሳይቀዳ ይደርሳል። በጤና ኬላም ይገኛል።

አሁን አስቡት። አንዲት እናት ያተኮሳትን ልጇን ይዛ ትመጣለች። እኛ ዘይት እናሞቃለን። ልጅቷ ትተኛለች፤ ሙቀቱ ደስ ይላታል፤ ትንሽም ያሸልባታል። እናቲቱ «ተሻላት» ብላ ወደ ቤቷ ትወስዳታለች። ያቺ የተሻላት የመሰለችበት አንድ ሌሊት ናት የምታስፈራን። ዘይቱ ልጅቷን አልጎዳት ይሆናል፤ ቀኗን ግን በላባት።

ሁለተኛው የነፍሰ ጡር ነገር ነው። እርግዝናዋ አምስት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ የሚፈልጥ ራስ ምታት የያዛት፣ ዓይኗ ብዥ የሚልባት፣ ፊቷና እጇ ያበጠ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር የሚያማት ሴት የደም ግፊት ተነስቶባት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ካልታከመ ወደ መንቀጥቀጥ ይሄዳል። ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊመጣ ይችላል። አራስ ቤት ማለት ደግሞ ቅቤ በብዛት የሚቀባበት ቤት ነው። «አራስ ናት፣ ንፋስ ገብቷት ነው፣ ቅቤ አድርጉላት» የምንለው ራስ ምታት አንዳንዴ አምቡላንስ የሚያስጠራ ነው። እትዬዎች፣ ይቺን ነገር ለአዋላጆቻችሁም ለአማቶቻችሁም ንገሩልን።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። ራሷን ድንገት እንደ መብረቅ የመታት፣ አንገቷን ማጠፍ ያቃታት፣ አፏ የተጣመመ ወይም አንድ ጎኗ የሰነፈ፣ ወድቃ ራሷን የመታች፣ ደጋግማ የምታስመልስ፣ ማንኛዋም ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ዘይት ቤት አትገባም።

በዚህ ምክንያት ማኅበራችን አንድ ሥርዓት ላይ ተስማምቷል። ዘይቱ እሳት ላይ ከመጣዱ በፊት ጥያቄ ይቀድማል። ጥያቄውም የፖሊስ ምርመራ እንዳይመስል በቡና ወግ ይሁን ብለናል፤ በሚከተለው መንገድ ተለማምደነዋል።

«እትዬ፣ ደህና ዋሉ? አረፍ ይበሉ። ራስዎን ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት?»

«ከትናንት ወዲያ ነው እታለም።»

«ያተኩስዎታል? ብርድ ብርድስ?»

«ማታ ማታ ትንሽ ያንቀጠቅጠኛል። ምች ነው እንጂ ሌላም አይደል።»

«ምችም ከሆነ ዘይቱ የትም አይሄድም፤ ይጠብቅዎታል። አሁን አብረን ጤና ኬላ ደርሰን ጣትዎን ትወጋልን። ነፃ ነኝ ብለው ሲመለሱ እኔው ነኝ የማፈስልዎት።»

«አብረን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሂጂ ብሎ መላክ አንድ ነገር ነው፤ አብሮ መሄድ ሌላ። የታመመ ሰው ብቻውን ሲላክ መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ስለዚህ በየቀኑ ከተረኞቹ አንዷ ለዚህ ሥራ ብቻ ትመደባለች፤ ድርሻዋም ዘይት ከምታፈሰው እኩል ነው። አንዳንድ አባላት «ሳትሠራ ነው እንዴ የምትከፈለው?» ብላችሁ ነበር። እኛ እንደምናየው ከሁላችንም የበለጠ የሠራችው እሷ ናት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ይህ ደስ የሚለው ክፍል ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በኋላ የሮቢትን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ሞቅ ያለ ዘይት ቅጣት ይሆናል። ክፍሉ የሴት ብቻ፣ በሩ የሚዘጋ፣ መጋረጃ ያለው ይሁን። የሙስሊም እኅቶቻችን ራሳቸውን ገልጠው የሚተኙት ወንድ እንደማይገባ ሲያምኑ ነው፤ ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ እንደዚያው። መስኮት ግን ክፍት ይሁን። ከሰል በምንም ምክንያት ወደ ክፍሉ አይገባም። የታፈነ የከሰል ጭስ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ሲብስም ይገድላል። ራስ ምታት ልናስታግስ ተቀምጠን ራስ ምታት የምናመርት አንሆንም። ዘይቱ ደጅ ይሞቃል፤ እሱም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ የዘይቱ ዕቃ የሞቀ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ። ዘይት እሳት ላይ ስታዩት ዝም ያለ ይመስላል፤ ሲያቃጥል ግን ከውሃ ይብሳል።

ልኩ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ካለ በቴርሞሜትር፣ ከሌለም ለሕፃን ገላ ውሃ እንደምንለካው በእጅ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ። በጣታችሁ አትለኩ። ምጣድ የለመደ ጣት ምስክር አይሆንም፤ ለእኛ ለብ ያለው ለሌላዋ ግንባር እሳት ነው።

አልጋው ጠፍር ቢሆን ጥሩ ነው። ሴትዮዋ በጀርባዋ ትተኛና አንገቷ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግላታል፤ ራሷ ወደ አልጋው ጠርዝ ይመጣል፤ ከሥር ሳፋ ይቀመጣል። ከቅንድቧ በላይ የተገመደ ነጠላ እንደ መቀነት ይታሰራል፤ ዘይቱን ከዓይን የሚመልሰው እሱ ነው። ዓይኗ ላይ በንጹህ ውሃ የራሰ ጥጥ ይደረጋል። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሸክላ ነው፤ በቀዳዳው የእጅ ፈትል ጥጥ ይገባል፤ ዘይቱ ፈትሉን ተከትሎ ይወርዳል። ህንዶቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሸክላም ፈትልም እዚሁ በእጃችን አለ፤ አርጎባ ጎረቤቶቻችን በሽመና የታወቁ ናቸው። ከመካከላችን አንዷ በጀበና ሞክራ ነበር። አፈሳሰሱ አያስጠላም፤ ግን ክንድ ይደክማል፤ ጀበናውም ዳግመኛ ለቡና አይሆንም።

ከግንባሩ እስከ ዕቃው አፍ ያለው ርቀት አራት ጣት ነው። በጥንቱ መጻሕፍታቸውም ልኩ በጣት ነው፤ ልክ እንደ እኛ። ዘይቱ ከአንዱ የግንባር ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሂድ፤ አንድ ቦታ ላይ አይቁም። ለመጀመሪያ ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ሰዓት ወሬ የለም። ይህ ለእኛ ከሁሉ የከበደው ትምህርት ነበር ብንላችሁ ትስቃላችሁ፤ ግን እውነት ነው። እሷ ካወራች እንሰማለን፤ ካለቀሰችም አንደነግጥም፤ «አይዞሽ» ብለን ማፍሰሳችንን እንቀጥላለን። ሲያበቃ ወዲያው ብድግ አትልም። መጀመሪያ ጎኗን ትገልበጥ፣ ከዚያ ትቀመጥ፣ ከዚያ ትነሳ፤ ራሷን እንዳያዞራት። ወለሉም ዘይት እንዳይነካው ይጠበቅ፤ ጫማዋንም እናቀርብላታለን። ዘይት የጠጣ ጨርቅ እሳት አጠገብ አይተው።

ሰሊጥ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ በዋዜማው ክንዷ ላይ ትንሽ ቀብታ ትይ። ጉሎን ለዚህ ሥራ አንጠቀምም። በየመንገዱ ዳር በነፃ ይበቅላል ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ዘይቱ ወፍራምና የሚያጣብቅ ስለሆነ በፈትል አይወርድም፤ ፍሬው ደግሞ መርዝ ስላለው ልጆች ባሉበት ግቢ ባይከማች ይሻላል። የሕፃናት ግንባር ላይ አናፈስም፤ ሕፃን እናቱ በለጋ ቅቤ እርግብግቢቱን ሳትጫን ዳበስ ታድርገው፤ ይበቃዋል። ቅቤውን ግን አታልሱት። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ።

ወጪውን በተመለከተ ደጋፊዎቻችን ጆሮ ስጡን። በህንዶቹ አሠራር ለአንድ ሰው እስከ ሁለት ሊትር ዘይት ይሄዳል። ሁለት ሊትር የሰሊጥ ዘይት በዛሬ ዋጋ ለአንድ ግንባር! የብዙዎቻችን ቤት የወር ዘይት ነው። ሳፋ ውስጥ የወረደውን አሙቆ ለዚያችው ሴት መልሶ ማፍሰስ ይቻላል፤ በዚህ መንገድ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ለሌላ ሴት ግን በፍጹም አይተላለፍም። ቆረቆር አለ፣ ቅማል አለ፣ የጭንቅላት ቁስል አለ። የእያንዳንዷ ዘይት በስሟ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ስትጨርስም ለጸጉሯ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች።

መክፈል ለማትችለው ደግሞ ከአራቱ መንገድ ሦስተኛውን መርጠናል። በሞቀ ዘይት የራሰ ጥጥ ግንባርና አናት ላይ ይቀመጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል። አንድ የቡና ስኒ ዘይት ይበቃዋል። ሴትዮዋ እንደዚያው ትተኛለች፤ ዓይኗ እንደዚያው ይሸፈናል፤ ከራስጌዋ እንደዚያው ሰው ይቆማል። የምትፈልግ በቅቤ ይደረግላታል። በጾም ቅቤ መንካት የሚከብዳት በሰሊጥ ታደርጋለች። እውነቱን ለመናገር በልምምዱ ወቅት ከተኛነው መካከል ጥጡን ከሚፈሰው ያስበለጥነው ነበርን።

ቀጥሎ የሰሌዳው ጉዳይ ነው። አንዳንድ ልጆቻችን በቅን ልብ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጽፈው አመጡ። «ራስ ምታትን፣ ደም ግፊትን፣ ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን ከሥሩ የሚነቅል የህንድ ሕክምና» ይላል። ያማረ ጽሑፍ ነው፤ ገበያም ይስባል። አልሰቀልነውም። ደም ግፊት ያለባት እናት ይህንን አንብባ ክኒኗን ብታቆም ተጠያቂው ማነው? ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው «የራስ ዘይትና ዕረፍት፣ ለሴቶች» ነው። «ሕክምና» የሚለውን ቃል አንጠቀምም። «ይፈውሳል» አንልም። የምታፈሰውም ልጅ «ሐኪም» ተብላ አትጠራም። ይህ ገቢያችንን ይቀንሰው ይሆናል፤ እንዲቀንሰው ተስማምተናል። ራስ ሳይጠና ጉተና እንዳይሆንብን ነው።

ታዲያ ካልፈወሰ ምን ይጠቅማል የምትሉ አትጠፉም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከቤታቸው የወጡ እናቶች በመካከላችን ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሌሊት አይተኙም። በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ራሴን ያመኛል» ይላሉ፤ ምርመራው ነፃ ይላቸዋል፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ውሸት አይደለም። በልምምዳችን ወቅት ከእነሱ አንዷ ጥጡ ግንባሯ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ «ከዚያ ወዲህ ቀን ላይ ተኝቼ አላውቅም» አለችን። ከዚህ ተነስተን ዘይት የጦርነት ሐዘን ያወጣል አንልም። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ለዘለቀባት፣ መኖር ላስጠላት እናት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ የምትደርስበትን መንገድ መፈለግ የእኛ ሥራ ነው፤ እስክትደርስ ግን ባዶ እጃችንን አንጠብቅም። ሐዘንተኛን ራሷን አጥቦ መቀባት ድሮም የጎረቤት ሥራ ነበር።

ለደጋፊዎቻችን ጥያቄያችን አጭር ነው። የሚያብለጨልጭ የስፓ ዕቃ አንፈልግም። ሁለት የደም ግፊት መለኪያ፣ ለትኩሳትና ለዘይት የሚሆኑ ቴርሞሜትሮች፣ የመጀመሪያውን ሦስት ወር የሰሊጥ ዘይት፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያ መጥታ የአደጋ ምልክቶችን በየሦስት ወሩ እንድታስተምረን የትራንስፖርት ወጪ። ሸክላውን፣ ፈትሉን፣ አልጋውንና ጋቢውን እኛ አለን። ሂሳቡ በመዝገብ ይያዛል፤ መዝገቡም ሐሙስ ሐሙስ በቁጠባ ስብሰባችን ላይ ይነበባል። መዝገቡ ውስጥ ስንት ሴት ዘይት እንደፈሰሰላት ብቻ ሳይሆን ስንቷን ወደ ጤና ኬላ እንዳደረስን የሚጻፍበት ዓምድ አለው። ሪፖርት ስንልክላችሁ መጀመሪያ ያንን ዓምድ ተመልከቱልን።

የኋላ ወንበሯ እናታችን አሁንም እጃቸውን አንስተዋል፤ ቅቤው ይቀድማል ሊሉን ነው መሰለን። ጥያቄውን ከሻይ በኋላ እንቀበላለን። ለመማር የተመዘገባችሁ አሥራ ሁለት አባላት የፊታችን ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንገናኝ። ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ኑ፤ ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ ንጹህ ነጠላና አንድ ጉንጉን ፈትል ያዙ። ሸክላ ሠሪዋ ስድስት ዕቃ እንደምታደርስ ቃል ገብታልናለች፤ ቀዳዳው የእንዝርት ጫፍ ያህል ይሁን ብለናታል።